የመሪጌታ ሳልና የብራዚሉ እፉኝት

በዚህ ሳምንት የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ያበሳጨው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ከላሊበላ እስከ ብልባላ፣ ከገነተ ማርያም እስከ ኩልመስክ፣ ስልክና ኔትወርክ በተገናኙበት ሁሉ ደርሷል። አንዲት ንብ አበባ ላይ ታርፋለች፤ ከኋላ በገና ይደረደራል፤ ከዚያም ድምፁን ያጎረነነ ሰው «የንብ መርዝ ካንሰርን በ60 ደቂቃ ገደለ! አባቶቻችን ግን ይህን ከ800 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር» ይላል። ማን መረመረው? የት? በምን ላይ? አይናገርም። የሚናገረው የስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው።

የዓምዱ ደንበኞች ጸሐፊው «ሁሉን እኛ ጀመርነው» ከሚሉ ወገኖች ጋር ያለውን የቆየ ጠብ ያውቃሉ። እስከ ዛሬ ጠቡ የኩራት ጠብ ስለነበር በሳቅ ይታለፍ ነበር። የአሁኑ ግን ሰው ይገድላል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ቪዲዮውን አይታ «እስቲ መጀመሪያ ንቡን ልሞክረው» ብላ ወደ ደሴ የምትሄድበትን ቀን ለአንድ ክረምት ብታስተላልፈው፣ ያን ክረምት ማንም አይመልስላትም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሌሎቹ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ቪዲዮውን ለጸሐፊው ያሳዩት መሪጌታ ናቸው። መሪጌታ የጸሐፊው የቆዩ ወዳጅና ተከራካሪ ናቸው፤ በሐሳብ ተገናኝተው አያውቁም፤ ቡና ሳይጠጡ ተለያይተውም አያውቁም።

«አየኸው ልጄ?» አሉ ስልካቸውን ዘርግተው። «ፈረንጅ ዛሬ ደረሰበት። እኛ የንብን ነገር ያወቅነው ንጉሣችን የተወለደ ዕለት ነው።»

«መሪጌታ፣ ገድሉ ንቦቹ ሕፃኑን ከበቡት ይላል እንጂ ነደፉት አይልም።»

«ያልነደፉትማ ስላወቁት ነው!»

በዚህ ነጥብ ላይ መሪጌታ አሸነፉ። ላስታ ውስጥ ሆኖ በቅዱስ ላሊበላ ንቦች መከራከር ትርፍ የለውም። እሳቸው ግን በዚያ አላቆሙም፤ ከገድሉ ወደ መርዙ ታሪክ ተሻገሩ። ታሪኩን የላስታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኅቱ በመጠጥ መርዝ ጨምራ ለላሊበላ አቀረበችለት፤ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ወድቆ ሞተ፤ ላሊበላም ስለ ዲያቆኑ ብሎ እያወቀ ጠጣ፤ ሦስት ቀን በሰማያት ሆኖ በኋላ ከዓለት የሚፈለፍላቸውን አብያተ ክርስቲያናት አየ። መሪጌታ ሲተርኩት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፤ መርዙ ንጉሡን ሲያሠቃየው የኖረውን የሆድ ትል አስወጣለት ይላሉ።

«አየህ፣ ያው አንድ ጽዋ ዲያቆኑን ገደለ፣ ንጉሡን ፈወሰ» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ግን ሳል ያዛቸው። ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚፍቅ ሳል ነው። «ይኸ ብርድ ሊጨርሰኝ ነው» አሉ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ብርዱን መክሰስ ቀላል ነው። መሪጌታ ከብርዱ ሌላ የዕጣኑን ጭስ ይጠረጥራሉ፤ በዜማ መኻል ሲያቋርጣቸው ደግሞ ሰው ዓይኑን አሳድሮብኝ ነው ይላሉ።

ጸሐፊው ግን ዓይኑ ያረፈው ከጠረጴዛው ላይ በተቀመጠችው የክኒን ፖስታ ላይ ነው። በእስክሪብቶ «ኢናላፕሪል፣ በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ ተጽፎባታል። መሪጌታ የደም ግፊት አለባቸው፤ ክኒኗን ከቅዳሴ መልስ ይውጣሉ።

የዚህ ሳምንት ዓምድ ንብን ሊወርፍ ተነስቶ ወደ እፉኝት የዞረው በዚህች ፖስታ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ብራዚል ውስጥ ነው። ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ፤ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1949 ማውሪሲዮ ሮቻ ኢ ሲልቫ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የዚህን እፉኝት መርዝ ከደም ጋር ሲያገናኝ አንድ ንጥረ ነገር ከደሙ ሲወጣ አገኘ። ብራዲካይኒን ተባለ። የደም ሥርን የሚያሰፋ፣ ራሱ ሰውነታችን የሚያመነጨው ነገር ነው። የእሱ ተማሪ የነበረው ሰርጂዮ ፌሬራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 መርዙ ውስጥ የብራዲካይኒንን ጉልበት የሚያበዛ ሌላ ነገር እንዳለ አሳወቀ። ያን ነገር በብልቃጥ ይዞ ለንደን፣ ጆን ቬን ወደሚባል ሳይንቲስት ቤተ ሙከራ ሄደ። ወሬው ከለንደን አትላንቲክን ተሻግሮ ስኩዊብ ወደተባለ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ደረሰ። እዚያ ሚጌል ኦንዴቲና ዴቪድ ኩሽማን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሥራውን ያዙት።

መርዙ በራሱ መድኃኒት አልሆነም። ከመርዙ የተወሰደው ንጥረ ነገር ግፊት እንደሚያወርድ በሰው ላይ ተረጋግጧል፤ ሲዋጥ ግን ሆድ ይፈጨዋል፤ በመርፌ ካልሆነ አይሠራም። በየቀኑ መርፌ የሚወጋ የግፊት ሕመምተኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ኦንዴቲና ኩሽማን እፉኝቱ የሚያደርገውን የሚያደርግ፣ ግን ከእፉኝቱ ያልተወሰደ ትንሽ ሞለኪውል በቤተ ሙከራ ቀመሩ። ካፕቶፕሪል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። የመሪጌታ ኢናላፕሪል የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ነው፤ በዚያው መንገድ ግፊትን ያወርዳል። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች እስከ ላስታ ጤና ጣቢያ ድረስ የግፊት ሕመምተኛ የሚያውቀው ክኒን ነው።

ሳሉስ? ሳሉም የመጣው ከዚያው ነው። ክኒኑ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒንን የሚሰባብረው ኢንዛይም ነው። ሰባሪው ሲታሰር ብራዲካይኒን ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመውም በአንዳንዱ ሰው ሳንባ ላይ ደረቅ ሳል ይቀሰቅሳል ተብሎ ይታመናል። መድኃኒቱን ከሚወስዱ ከአሥር ሰዎች አንዱን ገደማ ያስለዋል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ሐኪም ሎሳርታንን ወደመሰለ ሌላ መድኃኒት ይቀይረዋል።

ጸሐፊው ይህን ሲነግራቸው መሪጌታ ለሳሉ ደንታ አልሰጡትም። የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። «እፉኝት? እፉኝት ነው የምታውጡኝ?» አሉ። ክኒኑ ውስጥ ቅንጣት የእባብ ነገር እንደሌለ፣ ሰው ከእፉኝቱ የወሰደው ብልሃቱን ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ስኒ ቡና አስፈለገ። ቀሳውስትና ደብተራዎች ባሉበት ሀገር እፉኝትን አስመልክቶ ጥሩ ቃል ማስገኘት ከባድ ሥራ ነው። በመጨረሻ «ታዲያ ይህን ለምን በቪዲዮ አያወጡትም?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የማያወጡት ስለማይሸጥ ነው። ከመርዝ የተገኘው እውነተኛ መድኃኒት በፖስታ ታሽጎ፣ ዋጋው ረክሶ፣ ስሙ አሰልቺ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። 32 ዓመት ፈጅቷል፤ ከ1949 እስከ 1981። ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ ግን 60 ደቂቃ ብቻ ነው የፈለገው።

ወደ 60 ደቂቃው እንመለስ። የፈጠራ ወሬ እንዳልሆነ ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ከሚገኘው ሃሪ ፐርኪንስ የሕክምና ምርምር ተቋም ዶክተር ሲያራ ደፊ እና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አሳተሙ። ከፐርዝ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ንቦች መርዝ ሰበሰቡ። መርዙን ለማከም በሚያስቸግሩ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ሕዋሳት ላይ ሞከሩት። የንብ መርዝ ዋና ንጥረ ነገር ሜሊቲን ይባላል፤ ከደረቀው መርዝ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ሥራው የሕዋስን ሽፋን መብሳት ነው። በ60 ደቂቃ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳቱን ሽፋን ጨርሶ እንደሚያፈርስ ታየ። በአይጦች ላይም ሜሊቲን ከተለመደ የካንሰር መድኃኒት ጋር ሲሰጥ የዕጢውን እድገት ቀነሰ። ጥሩ ጥናት ነው፤ ተስፋም አለው።

በሰው ላይ ግን አልተሞከረም። የተገደሉት ሕዋሳት በብርጭቆ ሳህን ላይ የተዘረጉ ናቸው። በሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሕዋስ በረኪናም ይገድለዋል። ችግሩ ካንሰሩን መግደል ሳይሆን የካንሰሩን ባለቤት ሳይገድሉ መግደል ነው። ሜሊቲን ሽፋን ሲበሳ የወዳጅና የጠላት ብዙም አይለይም፤ ደም ውስጥ በብዛት ቢገባ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈነዳል። አንዲት ንብ በአንድ ንድፊያ የምታስገባው መርዝ ደግሞ ከሚሊግራም በታች ነው፤ የተነደፈው ክንድ ያብጣል እንጂ መርዙ ጡት ውስጥ ያለን ዕጢ ፈልጎ አያገኝም። ተመራማሪዎች ዛሬ የሚደክሙት ሜሊቲንን ወደ ዕጢው ብቻ የሚያደርስ መንገድ ለማግኘት ነው። ቪዲዮው ይህን ሁሉ ዘልሎ ከሳህኑ በቀጥታ ወደ ስልክ ቁጥሩ ገባ።

የንብን ንድፊያ በሕክምና ስም የሚሸጡ ሰዎች አዲስ አይደሉም። ፊሊፕ ቴርች የተባለ ሐኪም በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ማሪቦር ከተማ ተቀምጦ የቁርጥማት ሕመምተኞችን በንብ እያስነደፈ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1888 አሳትሟል። ከእሱ ወዲህ ከኮሪያ እስከ ስፔን ተከታይ አላጣም። በስፔን አንዲት የ55 ዓመት ሴት ለሁለት ዓመት ያህል በየጊዜው በሕይወት ባለች ንብ ስትነደፍ ቆይታ ምንም አልሆነችም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን እንደ ወትሮው ስትነደፍ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ራሷን ሳተች፤ ሆስፒታል ብትገባም አልተረፈችም። ሐኪሞቹ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕክምና መጽሔት አወጡት። «ትናንት ምንም አላደረገኝም» የሚለው ማረጋገጫ ለንብ መርዝ አይሠራም። የሰውነት አለርጂ የሚዘጋጀው በዝምታ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። የንብ መርዝ በእርግጥ የሚያድነው በሽታ አለ፤ የንብ መርዝ አለርጂ። አሜሪካኖች ለአሥርተ ዓመታት ለንብ አለርጂ ንቧን ሙሉ ፈጭተው ሲወጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች የተፈጨውን ንብ፣ የተጣራውን መርዝና ምንም የሌለበትን ፈሳሽ በሦስት ቡድን አወዳደሩ። የተጣራው መርዝ ሕሙማኑን ከአደጋ ሲጠብቅ የተፈጨው ንብ ግን ባዶውን ፈሳሽ እንኳ መብለጥ አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት የተጣራው መርዝ ተፈቀደ። ዛሬም ከጥቃቅን መጠን ተነስቶ እየጨመረ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ሐኪም ባለበት ይሰጣል። ያን ያህል ዘመን «ይሠራል» የተባለው ነገር ባዶ ውኃ ሆኖ የተገኘው አንድ ሰው «እስቲ ይወዳደር» ስላለ ነው። ጸሐፊው ከቪዲዮው ሰውዬ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

መሪጌታ ግን የብልባላ ጊዮርጊስን አነሱ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ከጥንት ጀምረው ይኖራሉ፤ ማሩን ሕሙማን በእምነት ይቀምሱታል፣ ይቀቡታል። «ይኸስ?» አሉ። ይኸ ሌላ ነው። ጸሐፊው እምነትን በሳህን አይመዝንም፤ የብልባላም አገልጋዮች ስልክ ቁጥር ለጥፈው ካንሰር እንፈውሳለን አላሉም። ማር በራሱም ቁስል ላይ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ስለሆነ፣ ለሕክምና የተዘጋጀ ማር በሆስፒታል ለቁስልና ለቃጠሎ ይውላል። የላስታ ንብ ከመንተሴ አበባ የምታመጣው ያ ነጭ ማር ሐሰተኛ ምስክር አያስፈልገውም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና ነገሩ፣ ማሩን በማርነቱ መሸጥ ይበቃል።

ከመርዝ የተቀዳው መድኃኒት በካፕቶፕሪል አላበቃም። በድንገተኛ የልብ ሕመም ላይ የደም መርጋትን ከሚከላከሉት መካከል ኤፕቲፊባታይድ ጅራቷን ከምታንኳኳ ትንሽ የአሜሪካ እባብ፣ ቲሮፊባን ደግሞ ከእስያ እፉኝት የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቀዱ። ሞርፊን ላላስታገሰው ሥቃይ በአከርካሪ አካባቢ የሚሰጠው ዚኮኖታይድ የመጣው ዓሣ ነድፎ ከሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ የፊሊፒንሱ ተወላጅ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ቤተ ሙከራ ያገኘው ሲሆን በ2004 ተፈቀደ። ለስኳር በሽታ የሚወጋው ኤክሴናታይድ ደግሞ ጊላ ከምትባል መርዘኛ የአሜሪካ እንሽላሊት ምራቅ የተቀዳ ነው፤ ጆን ኢንግ የተባለ ሐኪም በ1992 አሳወቀው፣ በ2005 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ዓለም ለክብደት መቀነሻ የሚሻማባቸው መርፌዎች በዚያ እንሽላሊት በኩል በተከፈተ በር ነው የገቡት።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። እፉኝቱ የብራዚል ነው፤ ምስጢሩን ያገኙት ሁለቱ ሊቃውንት ብራዚላውያን ናቸው፤ ክኒኑን ሸጦ የከበረው ግን የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እኛስ የራሳችን እፉኝት ጠፍቶን ነው? በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ውብ እፉኝት አለ። ለሳይንስ የተመዘገበው በጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977። ከባሌ የሐረና ደን ደግሞ ሌላ ዘመዱ በ2016 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ተሰይሟል። በዓለም ላይ ከእኛ በቀር የትም አይገኙም፤ መርዛቸው ውስጥ ምን እንዳለ መርምሮ መጀመሪያ ማወቅ የሚገባን እኛ ነን።

የጤፍን ጉዳይ ያልረሳ ይህን ይረዳል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ለዓመታት ይዞት ቆይቶ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ሕግ አላጣንም። የጄኔቲክ ሀብትን አርክቦት (አገኛኘትና አጠቃቀም) የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሀብቱ የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው ይላል። «ሁሉን እኛ ጀመርነው» የሚሉት ወገኖች ጉልበታቸውን በ800 ዓመት በፊቱ ላይ ከሚያባክኑ ለዚህኛው ቢያውሉት፣ ጸሐፊው በዚህ ዓምድ ላይ ይቅር ይላቸዋል።

ላስታ ራሱ ግን የእፉኝት ሀገር አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለ ገበሬ ከእባብ ይልቅ ውርጭ ይፈራል። ላስታን የእባብ መርዝ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው። ክረምት ሲወጣ የላስታና የዋግ ጎረምሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ፣ ማለዳና ምሽት፣ ሰሊጡን እየያዘ ያጭዳል፤ ሌሊት መሬት ላይ ይተኛል። እዚያ ነው እፉኝቱ የሚጠብቀው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአማራ ክልል፣ አብደራፊ ላይ ከካላዛር በሽታ ጋር የእባብ ንድፊያን ለዓመታት ሲያክም የቆየው በእነዚሁ የቀን ሠራተኞች ምክንያት ነው።

የእባብ መርዝ ማርከሻ ራሱ ከመርዝ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ከመርዝ መድኃኒቶች ሁሉ ቀዳሚውም እሱ ነው። ፈረንሳዊው አልበርት ካልሜት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የደረሰበት መንገድ እስከ ዛሬ ያው ነው። ፈረስ በጥቂት በጥቂቱ መርዝ ይወጋል፤ ሰውነቱ መከላከያ ያመነጫል፤ ከደሙ መከላከያው ተጣርቶ ለተነደፈው ሰው ይሰጣል። ብራዚላዊው ቪታል ብራዚል ደግሞ የአንዱ ሀገር እባብ ማርከሻ ለሌላው ሀገር እባብ እንደማይሆን አሳየ። ይህን የዘነጉ ነጋዴዎች ለእስያ እባብ የተሠራ ርካሽ ማርከሻ ወደ አፍሪካ ሲያስገቡ በጋናና በቻድ የሟቾች ቁጥር አሻቅቧል። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራው የነበረውን ጥሩ ማርከሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ብልቃጥ ጊዜ በ2016 አለፈ። ገዢው ድኻ ስለሆነ አላዋጣውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በእባብ ንድፊያ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ችግሩን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተራ የመደበው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ኢትዮጵያ ማርከሻ የምታስገባው ከውጭ ነው። ፈረስ ሞልቷል። ቢሾፍቱ ላይ ለእንስሳት ክትባት የሚያመርት ተቋም አለ፤ የፈረስ በሽታ ክትባት ሳይቀር ይሠራል። ማርከሻ ማምረት ሌላ ሙያ፣ ሌላ ጥንቃቄ፣ ሌላ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ጸሐፊው አይክድም። ግን የኛው እባብ፣ የኛው ፈረስ፣ የኛው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ከሌላ አህጉር ብልቃጥ መጠበቅ እስከ መቼ ነው? «ገበያው ትንሽ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች መልስ ይሰጣሉ። መልሳቸውን ወደ አብደራፊ ይዘውት ይሂዱ።

መሪጌታ ኢናላፕሪላቸውን ሐኪም እንዲቀይርላቸው ተስማምተዋል፤ በገዛ እጃቸው እንዳያቆሙ ግን ተማጽነናቸዋል። ግፊት ያለበት አንባቢም ቢሆን ይህን ጽሑፍ አንብቦ ክኒኑን እንዳይጥል። ሳል ካስቸገረው ሐኪሙን ያናግር።

ለንብ አናቢዎች ደግሞ አንድ ጉዳይ አለ። ማር ቆረጣ ላይ ንብ ስትነድፍ መውጊያዋን ከነመርዝ ከረጢቱ ትታ ትሄዳለች፤ ከረጢቱ ብቻውንም መርዝ መርጨቱን አያቆምም። በጥፍር መቆንጠጥ ይሻላል ወይስ በቢላ መፋቅ የሚለውን ክርክር አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ዘግተውታል፤ ቁም ነገሩ ፍጥነት ነው፣ እንዴትም ይውጣ ቶሎ ይውጣ። ከንድፊያ በኋላ ገላው ሁሉ የሚያሳክከው፣ ከንፈሩና ምላሱ የሚያብጥ፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ካለ እሱን የሚያድነው በጭኑ ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ማቀዝቀዣም የግድ አይልም። የሰሜኑ ጦርነት የላስታን ጤና ተቋማት ካራቆታቸው በኋላ እንደገና ሲሟሉ ይህ ብልቃጥ ቀፎ በበዛባቸው ቀበሌዎች ሁሉ መኖሩን ወረዳው ይቁጠር። የንብ ቀፎ ለወጣቶች የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችም ከቀፎው፣ ከመሸፈኛው ልብስና ከጭስ ማውጫው ጋር አብረው ስለዚህ ያስቡበት።

ለክልሉ ጤና ቢሮም ማሳሰቢያ አለ። የተነደፈውን እግር መብጣት፣ በገመድ ማነቅ፣ በአፍ መምጠጥ እንደማያድን፣ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ጤና ተቋም ማድረስ እንደሚያድን፣ ጎረምሳው ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት በላሊበላ መናኸሪያ ቢነገረው ብዙ ወጪ የለውም። የሰሊጥ አጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ለአፍሪካ እባብ የሚሆነው ማርከሻ ከነሐሴ በፊት ቆላ መድረስ አለበት።